የጣሊያኑ ድምፅና የኢትዮጵያው ንጉሥ

ደሴ ፒያሳ፣ ዛሬ ሌላ ሕንፃ በቆመበት ቦታ ላይ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ አንድ ጋራዥ ነበር። ባለቤቱ ጣሊያን ናቸው። በ1933 ዓ.ም. ወገኖቻቸው ደሴን ሲለቁ እሳቸው አልወጡም። እዚሁ ቀርተው፣ አግብተው፣ ወልደው፣ አርጅተው ነበር። ስማቸውን ከሰፈር ልጆች የሚያውቅ አልነበረም። ሁላችንም «ሲኞር» እንላቸዋለን። ከአሰብ ሽቅብ የሚመጡት ትሬንታ ኳትሮዎች የኮምቦልቻን ዳገት ወጥተው ሲያበቁ፣ እያቃሰቱ የሚቆሙት እሳቸው ደጃፍ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲያልቅ ሲኞር እጃቸውን በጋዝ ይታጠቡና ከጓዳ አንድ አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ ያወጣሉ። በእጅ የሚጠመዘዝ ነው። እኛ ልጆቹ ግንቡን ተደግፈን እንጠብቃለን። መርፌው ሸክላውን ሲነካ መጀመሪያ የዝናብ ድምፅ የመሰለ ሽሽሽታ፣ ቀጥሎ አንድ የወንድ ድምፅ ይፈነዳል። «ይፈነዳል» ያልኩት ለማጋነን አይደለም። እኛ በማሲንቆና በመንዙማ ያደግን የወሎ ልጆች ነን፤ ሰው ያለ ድምፅ ማጉያ እንዲህ ይጮኻል ብለን አስበን አናውቅም። ሲኞር በተሰባበረ አማርኛቸው የዘፋኙን ስም ነገሩን። ቲታ ሩፎ ይባላል። ድምፁ ደግሞ ባሪቶን ነው። ከዚያ ጣታቸውን ወደኛ እየቀሰሩ፣ በጣሊያን አገር ትልቁ የዘፈን ድራማ ውስጥ የኢትዮጵያን ንጉሥ ሆኖ የሚዘፍነውም ይኸው ዓይነት ድምፅ ነው አሉን። እኛ ሳቅን። የኛ ንጉሥ ጣሊያንኛ ይዘፍናል?

ቤት ስገባ አያቴ ጠበቀችኝ። «አንተ ልጅ፣ ዛሬም እዚያ ጣሊያን ጋ ነበርክ?»

«ዘፈን ልሰማ ነው እምዬ።»

«የሱን አገር ዘፈን እኔ በ28 ሰምቼዋለሁ። ከላይ ነበር የሚመጣው።»

አባባሏ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ወደሱ እመለሳለሁ።

አዲስ አበባ ለትምህርት ከሄድኩ በኋላ ነው ሲኞር እንዳልዋሹን ያወቅሁት። ድራማው «አይዳ» ይባላል፤ ደራሲው ጁዜፔ ቬርዲ ነው። ንጉሡ ደግሞ አሞናስሮ። ስሙ ምን የኢትዮጵያ ስም ይመስላል ብላችሁ አትጠይቁኝ።

ኦፔራ የማያዘወትር አንባቢ እንዳይቸገር አንድ ነገር ላስረዳ። በኦፔራ ዓለም የወንድ ድምፅ በዋናነት በሦስት ይከፈላል። ቀጭኑ ቴነር፣ ወፍራሙ ባስ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ባሪቶን ነው። ቴነሩ አብዛኛውን ጊዜ ወጣት አፍቃሪ ነው፤ ሲያፈቅር ይዘፍናል፣ ሲሞትም ይዘፍናል። ባስ ካህን ወይም ሽማግሌ ይሆናል። ባሪቶን ግን የተቸገረ ሰው ድምፅ ነው። አባት ነው፣ ባላንጣ ነው፣ ሥልጣን የሚያቃጥለው ንጉሥ ነው። ይህን ድምፅ እንደ ቬርዲ የወደደ ደራሲ የለም ለማለት ይቻላል። ናቡኮን፣ ማክቤዝን፣ ጎባጣውን ሪጎሌቶን፣ ተንኮለኛውን ኢያጎን፣ በስተርጅናው ደግሞ ቦርጫሙን ፋልስታፍን ለባሪቶን ነው የሰጠው። የኢትዮጵያውን ንጉሥም እንዲሁ።

«አይዳ»ን ያሠራው የግብፁ ገዢ ኬዲቭ ኢስማኤል ነው። ብዙ ሰው ድርሰቱ ለስዊዝ ቦይ ምርቃት የተዘጋጀ ይመስለዋል፤ ስሕተት ነው። ቦዩ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1869 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የተመረቀው የካይሮ ኦፔራ ቤት የተከፈተው በቬርዲ «ሪጎሌቶ» ነበር። ኬዲቩ ግን ለራሱ ብቻ የተጻፈ፣ የግብፅን ገናናነት የሚያሳይ አዲስ ሥራ ፈለገ። ታሪኩን የነደፈው በግብፅ የጥንት ቅርስ የሚቆፍረው ፈረንሳዊው ኦጉስት ማርየት ነው። ግጥሙን የጻፈው አንቶኒዮ ጊስላንዞኒ ደግሞ ብዕር ከማንሳቱ በፊት ራሱ ባሪቶን ዘፋኝ ነበር። ቬርዲ 150 ሺህ ፍራንክ ተከፈለው። አልባሳቱና የመድረኩ ዕቃ ፓሪስ ውስጥ ሲሠራ የፕሩሲያ ጦር ከተማዋን ስለከበባት ሥራው ዘገየ፤ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 24 ቀን 1871 ካይሮ ላይ መጋረጃው ተከፈተ። በዚያ ምሽት የመጀመሪያው አሞናስሮ ፍራንቼስኮ ስቴለር የሚባል ባሪቶን ነበር። ቬርዲ ግን ካይሮ አልሄደም።

ታሪኩ አጭር ነው። ግብፅና ኢትዮጵያ ጦርነት ላይ ናቸው። የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ አይዳ ማንነቷ ሳይታወቅ በግብፅ ቤተ መንግሥት ባሪያ ሆናለች፤ የምታፈቅረው ግን የግብፁን የጦር አለቃ ራዳሜስን ነው። ራዳሜስ ድል አድርጎ፣ መለከት እየተነፋለት ሲመለስ ከምርኮኞቹ መካከል አንድ ሰው ተራ መኮንን መስሎ ይቆማል። አሞናስሮ ነው። ንጉሡ በጦር ሜዳ ሞቷል ብሎ ይዋሻል። በኋላ በአባይ ዳር በሌሊት ልጁን ያገኛትና የፍቅረኛዋን ምስጢር አውጥታ እንድትሰጠው ይጠይቃታል፤ እምቢ ስትለው ይረግማታል፤ ልጄ አይደለሽም፣ የፈርዖኖች ባሪያ ነሽ ይላታል። አሞናስሮ መድረክ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ረጅም አይደለም። ነገር ግን ባሪቶኖች ይህቺን የአባይ ዳር ትዕይንት አጥብቀው ይፈልጓታል። ምርኮኛ ሆኖ እንኳ የማይሸነፍ ሰው የሚጫወቱባት ናትና።

የታሪክ ሰዎች ማርየት «ኢትዮጵያ» ያለው ጥንት ግሪኮች በዚህ ስም የጠሩትን፣ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የኩሽን ምድር ነው ይላሉ። ልክ ነው። እኔ ግን ኬዲቩ በዚያ ምሽት በሎጁ ተቀምጦ ስለ ጥንት ዘመን ብቻ ሲያስብ አይታየኝም። በደቡብ በኩል ዓይኑን የጣለበት ሌላ ኢትዮጵያ ነበረው። «አይዳ» ካይሮ ላይ ከታየ ከአንድ ወር በኋላ፣ በጥር 1864 ዓ.ም.፣ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ አክሱም ላይ ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። በዚያው እ.ኤ.አ. በ1872 የኬዲቩ ሹም የሆነው ስዊሳዊው ሙንዚንገር ከምፅዋ ተነሥቶ ከረንን ያዘ። ቀጥሎ የመጣውን እናውቀዋለን። በኅዳር 1868 ዓ.ም. ጉንደት ላይ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ጉራዕ ላይ፣ ዐፄ ዮሐንስ የኬዲቩን ጦር ደመሰሱት። ሙንዚንገርም በዚያው በኅዳር ወር አውሳ ላይ በአፋሮች እጅ ወደቀ። እውነተኛው ራዳሜስ በመለከት ታጅቦ አልተመለሰም። ለጉንደት ግን ኦፔራ የጻፈ የለም፤ 150 ሺህ ፍራንክ የከፈለም አልነበረም።

ነገሩን ወደ ደሴ የሚያመጣልኝ ይህ ነው። በሀገራችን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ እንደሚለው፣ ከጉራዕ ድል ስድስት ዓመት በኋላ ዐፄ ዮሐንስ በዚህ በጦሳ ሥር ሰፍረው ሳሉ በሰማይ ጅራታም ኮከብ አዩ፤ ተደሰቱም፤ ቦታውንም «ደስዬ» አሉት። እንግዲህ ኬዲቩ በመድረክ ላይ ሊማርከው የፈለገው ንጉሥ፣ በእውኑ ዓለም የኬዲቩን ጦር ማርኮ፣ የኔን ከተማ ስም አወጣላት ማለት ነው። ሲኞር ይህን ያውቁ እንደሆነ ጠይቄያቸው ቢሆን ደስ ባለኝ።

አሁን ወደ ሸክላው ዘፋኝ ልመለስ።

ቲታ ሩፎ እ.ኤ.አ. በ1877 ፒዛ ከተማ ተወለደ። ሙሉ ስሙ ሩፎ ቲታ ነው፤ በመድረክ ገለበጠው። ሩፎ የሚለውን ስም አባቱ ያወጡለት በሞተባቸው ተወዳጅ የአደን ውሻ ስም እንደሆነ ራሱ ጽፏል። አባት ብረት ሠሪ ነበሩ። ቤተሰቡ ሮም ሲገባ ልጁ ገና በሕፃንነቱ መዶሻ ጨበጠ። ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አላየም ማለት ይቻላል፤ ማንበብና መጻፍን የተማረው አድጎ ነው። ወንድሙ ኤቶሬ ግን ሙዚቃ ያጠና ነበርና አንድ ምሽት የማስካኚን «ካቫሌሪያ ሩስቲካና» ለማየት ወሰደው። ቤት ሲመለሱ ኤቶሬ ከሰሙት ዜማ አንዱን በፍሉት ሲነፋ፣ ብረት ቀጥቃጩ ልጅ አብሮ ዘፈነ። ቤቱ በሙሉ ደነገጠ። ራሱም ደነገጠ።

ከዚያ በኋላ ነገር ሁሉ ቀለለለት ብላችሁ እንዳታስቡ። በሮም የሳንታ ቼቺሊያ ትምህርት ቤት የገባው ፐርሲኪኒ የሚባል እጅግ የታወቀ መምህር ዘንድ ነበር። መምህሩ ባስ ነው ብሎ ፈረጀው፤ ቀጥሎም ለዘፈን አልተፈጠርክም ብሎ አሰናበተው። ይህ መምህር ባቲስቲኒንና ደ ሉካን የመሳሰሉ ባሪቶኖች ያፈራ ሰው ነው፤ ጆሮ የለውም አይባልም። ሆኖም አንዳንድ ጊዜ መምህር የሚሰማው መስማት የሚጠብቀውን ብቻ ነው። ሩፎ ሚላኖ ሄዶ ካዚኒ ከሚባል ዘፋኝ ዘንድ ያለ ክፍያ ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1898 ሮም በሚገኘው የኮስታንዚ ቲያትር በዋግነር «ሎሄንግሪን» ውስጥ አዋጅ ነጋሪ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ቆመ። ሃያ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ከዚያ ዓለምን ዞረ። ደቡብ አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ። ሪጎሌቶን፣ ሐምሌትን፣ ቀልደኛውን ፀጉር አስተካካይ ፊጋሮን፣ አሞናስሮንም ዘፈነ። ሰዎች የአንበሳ ድምፅ አሉት። እ.ኤ.አ. በ1903 ለንደን ላይ የገጠመውን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በጊዜው እንደ ንግሥት የምትታየው አውስትራሊያዊቷ ዘፋኝ ኔሊ ሜልባ ልምምዱን ሰምታ፣ ይህ ሰው ከኔ ጋር አባት ሆኖ ለመጫወት ልጅ ነው ብላ አስወጣችው። ዓመታት አልፈው ሩፎ ዝነኛ ሲሆን፣ ኔፕልስ ላይ እሷው ራሷ አብራው ልትዘፍን ጠየቀች። የላከላት መልስ ከኔ ጋር ለመጫወት አርጅታለች የሚል ነበር። ጨዋነት ነው አልልም፤ ግን የብረት ቀጥቃጭ ልጅ መልስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1914 ከታላቁ ቴነር ከካሩሶ ጋር ከ«ኦቴሎ» የቀረፀው የመሐላ ዘፈን ዛሬም እየታተመ ይሸጣል። ከሰማችሁት ሁለት ሰዎች አይደሉም የሚሉት፣ ሁለት ተራራዎች ሲነጋገሩ ይመስላል። በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ የገባው ከካሩሶ ሞት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። ያን ጊዜ ድምፁ ከጫፉ መውረድ ጀምሮ ነበር። ካረጀ በኋላ ተማሪዎች አስተምረን ብለው ሲመጡበት፣ እኔ ራሴ መዝፈን ተምሬ አላውቅም፣ ምን ላስተምራችሁ ይላቸው ነበር ይባላል።

እስካሁን የነገርኳችሁ የማንኛውም ዝነኛ ሰው ታሪክ ሊሆን ይችላል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው።

ሩፎ ቬሊያ የምትባል ታናሽ እኅት ነበረችው። እ.ኤ.አ. በ1916 አንድ ወጣት የሕግ ሰው አገባች፤ ጃኮሞ ማቴዎቲ። ማቴዎቲ ሶሻሊስት ነበር፤ በኋላም የፓርላማ አባል ሆነ። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ በኋላ በተደረገው የ1924 ምርጫ የተፈጸመውን ዱላና ማጭበርበር በግንቦት 30 ቀን በምክር ቤቱ ቆሞ፣ ፋሺስቶቹ እየጮኹበት፣ አንድ በአንድ ዘረዘረ። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሰኔ 10፣ ከሮም ቤቱ ወጥቶ በወንዙ ዳር ሲሄድ ሰዎች መኪና ውስጥ ወረወሩትና ገደሉት። ሬሳው የተገኘው በነሐሴ ወር ከከተማው ውጪ ጫካ ውስጥ ነው። ሩፎ የአማቹን ቀብር ቀበረ። ከዚያ በኋላ ፋሺስት በሚገዛው ጣሊያን መድረክ ላይ አልዘፍንም አለ። ቃሉንም ጠበቀ።

አንድ የኦፔራ ዘፋኝ በጣሊያን አልዘፍንም ሲል ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የእኛ አዝማሪ ጎንደርም ወሎም አልጫወትም ቢል እንደማለት ነው። ቋንቋው እዚያ ነው፣ ሰሚው እዚያ ነው፤ ስሕተቱን እንኳ በትክክል የሚያውቅለት እዚያ ነው።

ሌሎቹ እንደሱ አላደረጉም። ያን ምሽት በዜማው የልጁን ድምፅ ያስነሣው ማስካኚ የሙሶሊኒ አካዳሚ አባል ሆነ። በተቃራኒው ቶስካኒኒ አለ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1886 ሪዮ ደ ጃኔሮ ላይ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ከሙዚቀኞቹ መካከል ተነሥቶ ሳይታሰብ ኦርኬስትራ የመራው በዚሁ በ«አይዳ» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 ቦሎኛ ላይ የፋሺስቱን መዝሙር አላሰማም በማለቱ ፊቱን በጥፊ መቱት። እሱም ፋሺዝም እስኪወድቅ ድረስ በጣሊያን ኦርኬስትራ አልመራም ብሎ ወጣ።

የማቴዎቲ ግድያ የጣሊያን የውስጥ ጉዳይ ብቻ ይመስል ይሆናል። አይደለም። ሙሶሊኒ ለጥቂት ወራት ወንበሩ ተነቃንቆበት ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1925 ምክር ቤት ገብቶ ለሆነው ሁሉ ኃላፊው እኔ ነኝ አለ፤ የሚጠይቀው አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ጋዜጣው ተዘጋ፣ ፓርቲው ፈረሰ፣ ተናጋሪው ታሰረ። አሥር ዓመት ቆይቶ ጦር ወደ ኢትዮጵያ ሲያዘምት በምክር ቤቱ ቆሞ የሚቃወመው ማቴዎቲ አልነበረም።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠዋት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ደሴ ገብተው ሳሉ፣ አውሮፕላኖቹ መጡ። አያቴ ያን ጊዜ አዲስ ሙሽራ ነበረች። «የንብ መንጋ መሰለኝ» ትላለች። ቦምቡ ቤቱንም ድንኳኑንም አልለየም፤ የአሜሪካኖቹ ሆስፒታልና የቀይ መስቀል ምልክት ያለባቸው ድንኳኖች ጭምር ተመቱ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ላይ ተቀምጠው የተኮሱት በዚያ ቀን ነው። አያቴ ጎረቤቷን ተከትላ ወደ ገደሉ ወረደች፤ ማታ ስትመለስ ከሣር ቤታቸው የቀረው ምሰሶው ነበር። ከማይጨው ጦርነት በኋላ፣ ሚያዝያ 7፣ የባዶሊዮ ጦር ደሴ ገባ። የፒያሳን ስም ጨምሮ ዛሬ የምናየው ብዙ ነገር ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው።

በዚያን ጊዜ ሩፎ የት ነበር? ዘፈኑን ጨርሷል። እ.ኤ.አ. በ1932 መጨረሻ በኒውዮርክ የሬዲዮ ሲቲ አዳራሽ ሲመረቅ ከታዩት እንግዶች አንዱ ነበር፤ ከዚያ ዝም አለ። እ.ኤ.አ. በ1937 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ፤ በዚያው ዓመት ሮም ላይ ፖሊስ ያዘው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቢለቁትም ፓስፖርቱን ቀሙት። ዓለምን የዞረው ሰው ከዚያ ወዲያ ከአገሩ መውጣት ተከለከለ። እኅቱ ቬሊያ በተከታዩ ዓመት፣ ፖሊስ ደጇን እየጠበቀ፣ ሞተች።

ሰውየውን የኛ አርበኛ ላደርገው አልፈልግም። ጠቡ የቤተሰብ ደም ነው፤ ሲጀመር ኢትዮጵያ በውስጡ የለችም። ጀግናን ከውጭ ማስመጣት የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከነሱ አይደለሁም። ግን ያን ዘመን ሳስብ፣ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም። የአያቴ ቤት በተቃጠለበት ወቅት፣ የአሞናስሮን ልብስ ለብሶ የኢትዮጵያን ንጉሥ ሕመም የዘፈነ አንድ ሰው፣ ለገዳዮቹ አልዘፍንም ብሎ አፉን ዘግቶ ተቀምጦ ነበር።

ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1943 ከሥልጣን መውረዱ ሲሰማ፣ ሩፎ ፊሬንዜ ከተማ ነበር። ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው። መስኮቱን ከፍቶ በጎዳናው ለተሰበሰበው ሕዝብ የፈረንሳዮቹን የነፃነት መዝሙር ማርሴዬዝን ዘፈነ ይባላል። በዚያችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1953 ሞተ።

ደሴ ቀድማ ነፃ ወጥታለች፤ በሚያዝያ 1933። ሲኞር የቀሩት ያን ጊዜ ነው። አንድ ቅዳሜ፣ ልጅ ስለሆንኩ የማይጠየቀውን ጠየቅኋቸው፤ እዚህ የመጡት ሊዋጉን ነው ወይ አልኳቸው። የጦሩ ካሚዮን ነጂ ሆነው መምጣታቸውን ነገሩኝ። ዘፋኙስ፣ ቲታ ሩፎስ አብሯችሁ መጣ ወይ? ራሳቸውን ነቀነቁ። በአማርኛ ሊያስረዱኝ ጀምረው ቃሉ ጠፋባቸው፤ በጣሊያንኛ ሞከሩ፣ እኔ አልገባኝም። ከዚያ ተነሥተው ሸክላውን ገለበጡና ማጫወቻውን ጠመዘዙት።

ማታ አያቴ የት ነበርክ አላለችኝም። መስኮቱ ተከፍቶ ነበር። ከፒያሳ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል።